«የመዳረግ መብቴን ትቻለሁ»፦ የጭነት መኪና ባለንብረት ሳያውቀው ኢንሹራንሱን የሚያጣባት መስመር

 የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ግን የጭነት መኪና ያለው፣ በብድር ሊገዛ ያሰበ ወይም መኪና ላይ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብለን እናስባለን።

ጥያቄው የመጣልን ከቡሹሎ ነው። ቡሹሎ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የካቶሊክ ጤና ጣቢያው ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ይዘው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም እዚያው ሰፈር አሉ። ከእነሱ አንዱ ሊፈርሙት የተሰጣቸውን የትራንስፖርት ውል ፎቶ አንስተው በውስጥ መስመር ላኩልንና «ይቺ መስመር ምን ማለት ናት? ዝም ብዬ ልፈርም?» አሉን። የእሳቸውንም የድርጅቱንም ስም አንጠቅስም። መስመሯ እንዲህ ትላለች፦

«አጓጓዡ በራሱም ሆነ በመድን ሰጪው ስም በአስጫኙ ላይ ያለውን ማናቸውንም የመዳረግ መብት ትቷል።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ስለ ክፍያ፣ ስለ ጭነት ሰዓት፣ ስለ ቅጣት ከሚያወሩት አንቀጾች መሀል ተሸጉጣ የተቀመጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር። ሰው ውል ሲያነብ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ብሩ ነው፤ እሷን ማን ያያታል?

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። የሕግ ሰዎች «መዳረግ» ወይም «ዳረጎት» ይሉታል። እኛ ሰፈር ዳረጎት ሲባል ለድሃ የሚሰጥ ነገር ነው ትዝ የሚለን፤ በኢንሹራንስ ግን ሌላ ነው። መኪናችሁን ሰው ገጨው እንበል። ኢንሹራንሳችሁ ከፍሎ አሠራላችሁ። ጥፋቱ ግን የገጪው ነው። እናንተ ካሳችሁን ከኢንሹራንስ ስለወሰዳችሁ ያንኑ ገንዘብ ደግማችሁ ከገጪው አትጠይቁም። ታዲያ ገጪው በነፃ ይሂድ? አይሄድም። ኢንሹራንሱ በእናንተ ቦታ ተተክቶ፣ በከፈለው መጠን፣ ገጪውን ይጠይቃል። መዳረግ ማለት ይሄ ነው፤ የእናንተን ጫማ አጥልቆ ፍርድ ቤት መሄድ።

ሕጉ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ቁጥር 683 ነው። «አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቶ የለ እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቷል፤ የመድኑን ክፍል ግን አልተካውም። ስለዚህ ዛሬም የሚሠራው ያ የጃንሆይ ዘመን ሕግ ነው።

ቁጥር 683 መጀመሪያ የሚለው ከላይ ያወራነውን ነው። ከፋይ የሆነ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ ጉዳት አድራሹን ይጠይቃል። ጣጣው ያለው ቀጥሎ ነው። በመድን ገቢው ድርጊት ምክንያት ይህ መብት የማይሠራ ከሆነ፣ መድን ሰጪው ለመድን ገቢው ካለበት ግዴታ በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ ሊሆን ይችላል ይላል። በእኛ አማርኛ፦ እኔ ነገ ልከሰው የምችለውን ሰው አንተ ዛሬ «አልከስህም» ብለህ ከፈረምክለት፣ እኔም አልከፍልህም።

የቡሹሎው ባለንብረት መስመር ሙሉ ክብደቷ እዚህ ላይ ነው። አስጫኙ «ኢንሹራንስህ እኔን እንዳይከሰኝ ፈርምልኝ» ነው የሚለው። ሲሰሙት ባለመኪናውን የሚነካ አይመስልም። የሚጣላው ኢንሹራንሱና ድርጅቱ፣ እኔ ምን አገባኝ ያሰኛል። ግን የተፈረመው በባለመኪናው እጅ ነው፤ መዘዙም የሚመጣው ወደ እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ የእኛ ነው፣ ለማስረዳት ያህል። መኪናው መጋዘን ግቢ ገብቶ እየጫነ ነው። የድርጅቱ ፎርክሊፍት ኋላ ሲል ካቢናውን ጨፈለቀው። ጉዳቱ 600,000 ብር ወጣ። ባለንብረቱ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ውሉ ላይ ያቺ መስመር ባትኖር ኢንሹራንሱ ኤክሰሱን ቀንሶ ይከፍላል፣ ከዚያ ድርጅቱን ይጠይቃል። መስመሯ ካለችና ኢንሹራንሱ ካላወቀ ግን፣ ፋይሉ ሲከፈት «ውሉን አምጣ» ይባላል፤ ይነበባል፤ «የመዳረግ መብታችንን አስቀርተህብናል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ድርጅቱ ጋ ሲሄድ ደግሞ «ትቻለሁ ብለህ ፈርመሃል» ይሉታል። ሁለቱም በር ተዘጋ። አረቦን ከፍሎ፣ ጥፋት ሳይኖርበት፣ 600,000 ብሩ የራሱ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም እሱን ነው። ኢንሹራንሱ ራሱ፣ አስቀድሞ፣ በጽሑፍ «በዚህ ድርጅት ላይ የመዳረግ መብቴን ትቻለሁ» ብሎ ፖሊሲው ላይ ተጨማሪ ገጽ ማያያዝ ይችላል። ሰዎቹ «ኢንዶርስመንት» የሚሉት እሱ ነው። መብቱ የእሱ ስለሆነ መተው የሚችለውም እሱ ነው። ትንሽ አረቦን ሊጨምር ይችላል፣ እምቢም ሊል ይችላል። ከሰጠ ግን አደጋው ሲደርስ ባለንብረቱ ገንዘቡን ያገኛል፣ ድርጅቱም አይከሰስም። ያው አንድ ዓይነት መስመር ናት፤ ማን ፈረማት የሚለው ነው ሁሉን የሚቀይረው።

በአሜሪካ የጭነት መኪና ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። እዚያ አስጫኝ ድርጅቶች ይህን መተው በውል መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ግን ጥያቄው የሚያልቀው ኢንሹራንሱ ጋ ነው። «አኮርድ 25» የሚባለው የኢንሹራንስ ማስረጃ ቅጽ ላይ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተከፈተ ትንሽ አምድ አለ፤ ምልክት የሚደረግበት ኢንሹራንሱ ሲፈቅድ ነው። ባለመኪናው ማስረጃውን ያሳያል፣ ጭነቱን ያገኛል። ወደ እኛ አገር ስንመጣ አንቀጹ ከውጭ ውሎች እየተቀዳ ይገባል፣ አብሮት መምጣት የነበረበት ወረቀት ግን ይቀራል።

ለምን አሁን ይህን እናነሳለን? ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መኪናውም መለዋወጫውም የሚመጣው ከውጭ ነው። ድሮ ኢንሹራንሱ ከፍሎ ዝም የሚለው አደጋ ዛሬ ትልቅ ገንዘብ ነው። ትልቅ ገንዘብ የከፈለ ደግሞ ማስመለሻ ይፈልጋል፤ ማስመለሻው ከተዘጋበት ደግሞ ላለመክፈል ምክንያት ይፈልጋል። ይሄ የእኛ ግምት ነው፣ ግን ሩቅ ግምት አይመስለንም። (እግረ መንገዳችንን፦ ፖሊሲያችሁ ላይ የተጻፈው የመኪና ዋጋ የድሮው ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉት። እውነተኛ ዋጋው ስድስት ሚሊዮን የሆነውን መኪና በሦስት ሚሊዮን መድን የገባ ሰው፣ ከፊል ጉዳት ሲደርስም በዚያው ሂሳብ ግማሹ ብቻ ሊከፈለው ይችላል።)

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ አይቆምም፤ መኪናው ጋራዥ ቆሟል፣ ገቢ የለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። መያዣው የቤተሰብ ቤት የሆነባቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ሌላው እንምጣ። በእኛ እምነት በውል ከተጻፈችው መስመር ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካው ይሄ ነው፦ እርቅ።

መንገድ ላይ ተጋጩ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን አነሳ። ሰው ተሰበሰበ። የገጨው ልጅ ደንግጧል፣ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ መኪናው የራሱ አይደለም። ሽማግሌ ገባ። «ልጅ ነው፣ ተውለት፣ አንተ ኢንሹራንስ አለህ፣ ምን ቸገረህ» ተባለ። ወረቀት ወጣ፦ «ተስማምተናል፣ ከዚህ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ምንም ጥያቄ የለውም።» ተፈረመ። ተቃቅፈው ተለያዩ።

ያቺ ወረቀት የመዳረግ መብትን መተው ናት። ቁጥር 683 «ከአደጋ በፊት» ወይም «ከአደጋ በኋላ» ብሎ አይለይም፤ የሚያየው በመድን ገቢው ድርጊት መብቱ መቅረቱን ነው። «አንተ ኢንሹራንስ አለህ» ብሎ ያስታረቀው ሽማግሌ፣ ሳያውቀው፣ ኢንሹራንሱን ያስቀረው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እርቅን ለማጥላላት አይደለም ይህን የምንለው። እዚህ ሲዳማ ውስጥ አፊኒ ያለው ሕዝብ መሀል ሆነን እርቅ መጥፎ ነው ብንል ማን ይሰማናል? በገጠመኝ ተጋጭተው ለዓመታት ከመካሰስ መታረቅ ይሻላል። ግን ይቅርታ የሚደረገው በራስ ገንዘብ ነው። ኢንሹራንሱ በሚከፍለው ገንዘብ ላይ ይቅር ለማለት ግን ኢንሹራንሱ መጠየቅ አለበት። በስልክም ቢሆን ለቅርንጫፉ ደውሎ «እንዲህ ሊያስታርቁን ነው» ማለት፣ ከዚያም መልሱን በጽሑፍ መያዝ። ወይም እርቁ የእናንተው በሆነው ላይ ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ ኢንሹራንሱ በማይከፍላችሁ ኤክሰስና መኪናው በቆመባቸው ቀናት በጠፋው ገቢ ላይ። ወረቀቱ ላይ «ይህ ስምምነት የመድን ድርጅቱን መብት አይነካም» የምትል አንድ መስመር ብትጨመር እርቁም ይቆያል፣ ካሳውም ይቆያል።

ቀድሞ የፈረመስ? ሁሉም ነገር አልቋል ማለት አይደለም። ሕጉ «በሙሉ ወይም በከፊል» ነው የሚለው። ይቺ «በከፊል» የምትል ቃል ብዙ ታወራለች። ኢንሹራንሱ ነፃ መውጣት ያለበት ባጣው ልክ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኛ ጠበቃ አይደለንም፣ ግን ቃሉ ለዚህ ክርክር በር ይከፍታል።

ሂሳቡን እንሥራው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው ይሄ የሚቀየረው። የእናንተ ጉዳት 600,000 ብር፣ የእሱ 100,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 700,000፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 350,000። እሱ በራሱ መኪና ላይ 100,000 ደርሶበታል፤ ስለዚህ ለእናንተ የሚጨምረው 250,000 ነው። የማን ጥፋት እንደሆነ ካልተረጋገጠ፣ ይቅር ባትሉትም ኢንሹራንሱ ከዚያ ሰው ሊያገኝ የሚችለው ከ250,000 ብር አይበልጥም ነበር። ታዲያ በእርቁ ምክንያት 600,000ውን በሙሉ የሚከለክላችሁ ለምንድን ነው? የቀረበት 250,000 ከሆነ የሚቀንሰውም እሱን ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ሹፌር ከነበረ ደግሞ የሚዳረግበት መብት መጀመሪያውኑ የለም፤ የሌለ መብት አይተውም። «አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይህን ሂሳብ ይዞ ይሂድ። ጊዜውን ግን ይጠንቀቅ፤ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ ነው።

ስለ ሹፌሮች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ በዚህ ጉዳይ የሚያስፈራሩአቸው አሉና። «አደጋ ካደረስክ ኢንሹራንሱ ከፍሎ አንተን ይከስሃል» ይባላሉ። ይኸው ቁጥር 683 መድን ሰጪው የመድን ገቢውን ወላጆችና ልጆች፣ ወኪሎቹን፣ ሠራተኞቹን፣ አብረውት የሚኖሩትንም እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ሆን ብለው በተንኮል ካልሠሩት በቀር። ተቀጣሪ ሹፌር እዚህ ውስጥ ነው። ሰክሮ መንዳት ወይም መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት መሪ መያዝ ሌላ ጣጣ አለው፣ እሱን አንቀላቅል።

ሌላው የማኅበራት ጉዳይ ነው። አብዛኛው ባለንብረት ከትልቅ አስጫኝ ጋር በቀጥታ አይዋዋልም፤ የሚፈርመው የደረቅ ጭነት ማኅበሩ ነው። አባሉ የሚያውቀው መኪናው ተራ ሲደርሰው የት እንደሚጭንና በኩንታል ስንት እንደሆነ ነው። ውሉን አይቶት አያውቅም። ግን ማኅበሩ በአባላቱ ስም የፈረመ ከሆነ ኢንሹራንሱ «ወኪልህ ፈርሟል፣ አንተ እንደፈረምክ ነው» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ያሸንፋል አያሸንፍም ሌላ ነገር ነው፤ ክርክሩ በሚቆይበት ጊዜ መኪናው ቆሞ ነው። የማኅበር አመራሮች ሆይ፣ ውሉን ለአባል አሳዩ። ሚስጥር አይደለም እኮ።

አሁን ደግሞ መስመሯን ገልብጠን እንያት። በጣም የሚገርመን እዚህ ጋ ነው።

አስጫኙም ኢንሹራንስ አለው፤ የሚያስጭነውን ዕቃ መድን አስገብቷል። ቡና ጭናችሁ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መኪናው ተገለበጠ፣ ቡናው ተበላሸ እንበል። የአስጫኙ ኢንሹራንስ ለአስጫኙ ይከፍላል። ከዚያስ? ተዳርጎ ወደ አጓጓዡ ይመጣል። ወደ እናንተ! የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ መኪናው ላይ የተጫነውን ዕቃ ይሸፍንልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሌላ ሰው ንብረት ያስቀመጠው ጣሪያም 100,000 ብር ብቻ ነበር፤ በኋላ ከፍ ቢልም ከአንድ ተሳቢ ሙሉ ቡና ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዚህ ለብቻው የአጓጓዥ ኃላፊነት መድን ይገባል፤ ያለዚያ ከኪስ ነው።

ስለዚህ መብቱ እንዲተውለት መለመን ያለበት ማን ነው? አንድ መኪና ያለው የቡሹሎ ሰው ነው እንጂ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ያለው ድርጅት አይደለም። ውሉ ግን የተጻፈው በተቃራኒው ነው። ትልቁ ከትንሹ ይወስዳል፣ የራሱን አይሰጥም። የተላከልንን ውል ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብነው፤ አስጫኙ የዕቃውን ኢንሹራንስ በተመለከተ ለአጓጓዡ የተወው አንድም መብት የለም።

በሌላው ዓለም ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የሁለት ወገን ነው። አንተ ስለ መኪናህ የእኔን አትነካም፣ እኔም ስለ ዕቃዬ የአንተን አልነካም፤ እያንዳንዱ ኢንሹራንስ የራሱን ጉዳት ችሎ ይቀመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብረው የሚሠሩ ሰዎች በአንድ አደጋ ሰበብ ፍርድ ቤት እንዳይካሰሱ ነው። ሐሳቡ ራሱ ጥሩ ነው። እኛ አገር ሲደርስ ግማሹ ተቆርጦ ነው የገባው።

ለጠየቁን ባለንብረት የመለስነው ይህን ነው፦ ዝም ብለው አይፈርሙ፣ ግን ሥራውንም አይተዉ። ውሉን ፎቶ ኮፒ አድርገው ኢንሹራንስዎ ቅርንጫፍ ይውሰዱ፤ በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ደብዳቤው መቀበላቸውን ቀሪው ላይ ያስፈርሙ። ደላላ ካለዎት ደላላው ይሂድልዎ፣ ኮሚሽን የሚበላው ለዚህ ነው። ኢንዶርስመንቱን ከሰጡ ይፈርሙ። ካልሰጡ አስጫኙን መስመሯ ላይ «የአጓጓዡ መድን ሰጪ በጽሑፍ በፈቀደው መጠን ብቻ» የሚል ሐረግ እንዲጨምር ይጠይቁት። ይህን እምቢ የሚል ድርጅት እምብዛም ምክንያት የለውም፤ የሌላ ሰውን መብት በእርስዎ እጅ ማስፈረም ለእሱም አስተማማኝ አይደለምና። ከቻሉ ደግሞ የዕቃው ኢንሹራንስም እርስዎን እንዳይጠይቅ ተመሳሳይ መስመር ይግባ ይበሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲለው ላይሰማ ይችላል። ማኅበር ሲለው ግን መኪና የሚፈልግ አስጫኝ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ በተለይ የቡና ጭነት በሚበዛበትና መኪና በሚጠፋበት ወቅት።

ብሔራዊ ባንክም ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠር እሱ ነውና አንድ ነገር እንጠይቀዋለን። ቁጥር 683 የሚለው ነገር በፖሊሲው ውስጥ ሰው በማይረዳው ቋንቋ ከመቀበሩ ይልቅ፣ የአረቦን ደረሰኙ ላይ በሁለት መስመር ተራ አማርኛ፣ በሲዳምኛም፣ በኦሮምኛም ቢጻፍ ምን ችግር አለው? «አደጋ ያደረሰብህን ሰው ሳትነግረን ይቅር አትበል፤ እንዲህ የሚል ውልም ሳታሳየን አትፈርም።» ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ መስመር ያለበት የጭነት ውል እጃችሁ ላይ ካለ ስምና ማኅተሙን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። በተለይ «አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ የደረሳችሁ፣ ደብዳቤው ቁጥር 683ን ጠቅሶ ከሆነ፣ እሱን ማየት እንፈልጋለን። «በሙሉ» ነው ያላችሁ ወይስ «በከፊል»?